ጅማ ሆኖ በማኅበረሰብ ቴአትር ማስተርስ ለማመልከት፦ ከሰፈር ሥራ እስከ ቪዛ

ጅማ ውስጥ መድረክ የሚወድ ወጣት ሞልቷል። በትምህርት ቤት ክበብ ያደገ፣ ሰርከስ የሠራ፣ በሚኒ ሚዲያ ድምፁን ያሟሸ ብዙ ነው። ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ግን «ይሄ እንጀራ አይሆንም» ይባልና ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህን የምጽፈው ላልተዉት ነው። ጥበብን ከሰው ኑሮ ጋር አያይዞ በማስተርስ ደረጃ መማር ይቻላል። ብዙ ሰው ግን ስኮላርሺፕ ከመፈለግ ይጀምርና ቅጹ ላይ «ምን ሠርተሃል? ምን ሠርተሻል?» የሚለው ጥያቄ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንገልብጠው። መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ ከዚያ ወረቀቱ።

1. ዘርፉን ለዩ

ትወና ብቻ የሚያስተምር ፕሮግራም አለ። እሱ ድምፅና ሰውነት ያያል፣ ኦዲሽን ይጠይቃል። እዚህ የምናወራው ሌላ ነው። ቴአትር፣ ዳንስ፣ ሙዚቃ ወይም ሰርከስ በማረሚያ ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በትምህርት ቤት፣ በገበሬ መንደር ከሰዎች ጋር እንዴት እንደሚሠራ ይጠናበታል። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በአንድ ስም ብቻ አትወሰኑ። አፕላይድ ቲያትር፣ ቲያትር ፎር ዴቨሎፕመንት፣ ኮሚዩኒቲ ዳንስ፣ ሶሻሊ ኢንጌጅድ ፐርፎርማንስ እያላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ሁሉንም ሞክሩ።

ከማመልከታችሁ በፊት ሁለት ታሪኮችን በደንብ እወቁ። አንደኛው የብራዚላዊው የቴአትር ሰው የአውጉስቶ ቦአል ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ፔሩ ውስጥ በመሠረተ ትምህርት ፕሮግራም ሠርቷል። ፎረም ቴአትር የሚባለውም አሠራር በዚያ ዘመን ካገኘው ልምድ የወጣ ነው። ችግር ያለበት አጭር ትዕይንት ይታያል፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል። በዚህኛው ዙር ተመልካቹ አስቁሞ፣ ተዋናዩን ተክቶ ሌላ መንገድ ይሞክራል። ቦአል በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1996 የሪዮ ዴ ጃኔሮ ከተማ ምክር ቤት አባል ነበር። በቴአትሩ ከነዋሪው የመጡትን ሐሳቦች ወደ ምክር ቤቱ ወሰዳቸው፤ 13 ያህሉ ሕግ ሆነዋል።

ሁለተኛው የኬንያዋ ካሚሪቱ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሊሙሩ አጠገብ በምትገኘው በዚች መንደር፣ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ንጉጊ ዋ ሚሪ ከገበሬዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በኪኩዩ ቋንቋ ቴአትር ሠሩ። መድረኩን የገነባው ራሱ መንደርተኛው ነው። መንግሥት ከሳምንታት በኋላ አገደው። በዓመቱ መጨረሻ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ታሰረ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ቴአትሩ የተሠራበት የመንደሩ ማዕከል ራሱ ፈረሰ። ሰው በገዛ ቋንቋው ስለ ገዛ ኑሮው ሲጫወት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

እኛ የምናውቀው የክበብ ድራማ ከዚህ ይለያል። በፀረ ኤድስ ክበብ ዘመን ገጸ ባሕሪው ያጠፋል፣ ይታመማል፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ወጥቶ መልእክቱን ይናገራል፣ ይጨበጨባል። ጥቅም አልነበረውም አልልም፤ ብዙ ሰው መድረክ የለመደው እዚያ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ፕሮግራሞች መምህራን የሚጠይቋችሁ ተመልካቹ ምን አደረገ ብለው ነው። «አጨበጨበ» የሚለው መልስ አይበቃም።

2. ጅማ ላይ አንድ ሥራ ሥሩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። አንድ ሥራ ብቻ ይበቃል፣ ግን ጥልቅ ይሁን።

ጉዳዩን ከሰው አፍ ውሰዱ። ሰዎች ቡና ሲጠጡ፣ ባጃጅ ሲጠብቁ፣ መርካቶ ሲገበያዩ የሚጨቃጨቁበት ነገር ምንድን ነው? አዌቱ ወንዝ ውስጥ የሚጣለው ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። የቤት ሠራተኞች ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በጀት ያለው ድርጅት «በዚህ ላይ ሥሩልን» ቢላችሁ ጥሩ ነው፤ ለመጀመሪያው ሥራችሁ ግን አልመክርም። ገንዘብ ሲመጣ መልእክቱም አብሮ ተጽፎ ይመጣል።

ቡድኑ ከ6 እስከ 10 ሰው ይሁን። ሴቶች በግማሽ ይኑሩበት። ቢያንስ ሁለቱ አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ይሁኑ። ከከተማው ትንሽ ወጣ ካላችሁ፣ ማና ወረዳም ሆነ ጎማ ወረዳ፣ ሥራው በአፋን ኦሮሞ ካልሆነ ሰዉ እንግዳ ሆኖ ነው የሚያያችሁ። መሀል ከተማ ሄርማታ አካባቢ ሁለቱን ቋንቋ እያቀላቀሉ መሥራት የተለመደ ነው፤ ሰዉም የሚያወራው እንደዚያ ነው።

ቀበሌ ሄዳችሁ በደብዳቤ አሳውቁ። ከደብዳቤው ቀድማችሁ ግን የአካባቢውን ሽማግሌዎች አነጋግሩ። በሙስሊም ሰፈር ኢማሙን፣ በቤተ ክርስቲያን አካባቢ ቄሱን። የዓርብ ጁምዓን ሰዓት፣ ረመዳንን፣ የጾም ቀናትን አስቀድማችሁ እዩ። ቡና የሚለቀምበትን ወቅት ደግሞ ጨርሶ አትንኩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ገበሬው ለቴአትር ጊዜ የለውም፤ መጥቶ ቢቀመጥ እንኳ ልቡ ማሳው ላይ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይሻላል።

አሁን አንድ ትዕይንት ላሳያችሁ። ማና ወረዳ ነን እንበል። ሚስት ከልጆቿ ጋር እሸት ቡናውን ለቅማለች። ባል ጆንያውን ጭኖ ሄዶ ይሸጣል። ማታ ሲመለስ ስንት ኪሎ እንደሆነ፣ በስንት እንደተሸጠ አይናገርም። በማግሥቱ ልጅቷ የደብተር ትጠይቃለች፤ «የለም» ይባላል። ትዕይንቱ እዚያው ያልቃል። ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ መፍትሔም የለውም። ሆን ተብሎ ነው መጥፎ ላይ የሚቆመው።

ከዚያ በተዋናዮቹና በተመልካቹ መካከል ሆኖ ውይይቱን የሚመራው አስተናባሪ ይወጣል። «የት ላይ ብታስቆሙት ነገሩ ይቀየር ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ዝም ይባላል። ይህን ዝምታ አትፍሩት፣ እናንተም አትሙሉት። አንዷ ከተቀመጠችበት «እሷ ራሷ ሚዛኑ ጋ አትሄድም እንዴ?» ትላለች። «ነይ እስቲ እናቴ፣ አሳዪን» ብላችሁ ጋብዟት። በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፣ የሚስትን ነጠላ ታደርጋለች፣ ትዕይንቱ ከዚያው ይቀጥላል። ባልን የሚጫወተው ልጅ ወዲያው እሺ ማለት የለበትም። «ሚዛን የወንድ ጉዳይ ነው» ይበላት። ሌላዋ መጥታ የባልን ወንድም ታማልዳለች። ሌላው ሰውዬ ተነስቶ ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ ደረሰኝ ይዞ ለመግባት ይሞክራል። አስተናባሪው የትኛው ልክ እንደሆነ አይፈርድም። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሳል፦ «ይሄ ነገ ቤታችን ይሠራል?»

ሴቶቹ በወንዶች ፊት የማይነሱ ከሆነ አታስገድዱ። ከመቀመጫቸው ሆነው ተዋናይቷን «እንዲህ በይ» እያሉ ይምሯት። ወይም ለብቻቸው ሌላ ቀን ያዙላቸው፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛው ነገር የሚወጣው ያኔ ነው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልበል። ከትዕይንቱ በኋላ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። አደባባይ ላይ የተናገረች ሴት ማታ ልትመታ ትችላለች። ስለዚህ በሕዝብ ፊት ማንንም «ያንቺ ቤትስ እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። የገጸ ባሕሪዎቹ ስም፣ የልጆች ቁጥር፣ የቤቱ አቀማመጥ ከመንደሩ ከማንም ጋር እንዳይመሳሰል ተጠንቀቁ። የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በዕለቱ እንድትገኝ፣ ከዚያም በኋላ ሰው እንዲያገኛት። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ። ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንዳልተለወጠ ስሙ። ማመልከቻችሁን ከሌላው የሚለየው ይህ የመልስ ጉዞ ነው።

ዳንሰኛ ወይም የሰርከስ ሰው ከሆናችሁ መንገዱ ያው ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ከጎዳና ልጆች ጋር ተጀምሮ አዱኛ የተባለ የማኅበረሰብ ዳንስ ቡድን ወጥቷል። ከአካል ጉዳተኛ ዳንሰኞችም ጋር ሠርቷል። ጅማም በዚያው ዘመን የራሷ ሰርከስ ነበራት። ልምዱ ለከተማው ሩቅ አይደለም።

3. ሥራውን መዝግቡ

ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ከእያንዳንዱ ልምምድና ትዕይንት በኋላ በዚያው ምሽት ጻፉ። ማን ተነሳ? ምን አለ? የት ላይ ተሳቀ? የት ላይ ተኮረፈ? ያልተሳካው ከተሳካው ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚፈልገው ይህን ማሰብ ነው።

የሠራችሁበትንም ሰዓት መዝግቡ። በተለይ ከምረቃ በኋላ ያለውን። ለምን እንደሆነ ገንዘቡ ጋ ስንደርስ ታያላችሁ።

ፎቶና ቪዲዮ ከማንሳት በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ማንበብ ለማይችል ሰው በቃል አስረዱ፣ እሺታውን በድምፅ ቅዱ። ለልጆች ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ፊርማ ይወሰዳል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሆነ ቪዲዮ ቁረጡ፣ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከታች ይሁንበት። ከመድረኩ ይልቅ ተመልካቹ ገብቶ የሚሞክርበትን ክፍል አስቀድሙ። ከ10 ገጽ ካልበለጠ ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ሥራችሁን ከሚያሳይ ጥራዝ ጋር አብሮ ይሄዳል። መብራትና ኔትወርክ ስለማያስተማምን ቪዲዮውን ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ጫኑና ሊንኩን በሌላ ስልክ ከፍታችሁ አረጋግጡ።

4. ትምህርት ቤት ምረጡ

አገር ውስጥ ለመማር የምታስቡ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የቴአትር ጥበባት ትምህርት ተመልከቱ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ራሱ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው። በኦሮሞ ፎክሎርም የማስተርስ ጥናት ይሠራበታል። በመድረክ ሥራችሁ ላይ የቃል ግጥም፣ ዘፈንና የሥራ ላይ ዜማ የምታመጡ ከሆነ እሱን አትለፉት። አገር ውስጥ ማስተርስ ለመግባት ብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ አስታውሱ።

አፍሪካ ውስጥ ጆሃንስበርግ ያለው የዊትስ ዩኒቨርሲቲ ድራማ ፎር ላይፍ የሚባለው ክፍል ለዚህ ዘርፍ በእኔ ዓይን ግንባር ቀደም ነው። የታንዛኒያው ዳሬ ሰላም፣ የኡጋንዳው ማከሬሬና የጋናው ሌጎን ዩኒቨርሲቲዎችም ረጅም ልምድ አላቸው። በኑሮም በባህልም ለእኛ ይቀርባሉ። ሰው ወዲያው ወደ ለንደን ማየቱ ያሳዝነኛል።

ለንደን ውስጥ ሮያል ሴንትራልና ጎልድስሚዝስ፣ ኒውዮርክ ላይ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ኒውዮርክ በአፕላይድ ቲያትር ማስተርስ ይሰጣሉ። ዳንስ ላይ ላተኮረ ሰው ደግሞ ኮሪዮሙንዱስ አለ። የኖርዌይ፣ የፈረንሳይና የሃንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉበት፣ በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፍ የሁለት ዓመት የኢራስመስ ሙንዱስ ፕሮግራም ነው፤ ዳንስን እንደ እውቀትና እንደ ቅርስ ያጠናል።

የመጀመሪያ ዲግሪያችሁ ነርሲንግ፣ ኅብረተሰብ ጤና ወይም ግብርና ቢሆንስ? ጅማ ላይ የተለመደው ይህ ነው። በሩን አይዘጋባችሁም። ከእነዚህ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ከሌላ ዘርፍ የመጣን ሰው በሥራ ልምዱ ይቀበላሉ። የጤና ጣቢያ የጠዋት ወረፋ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው፣ እዚያ የሚሠራ ቴአትር ከማንም የተሻለ ይገባዋል። የማመልከቻ ደብዳቤያችሁ ላይ ይህን አጉልታችሁ ጻፉት።

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። ተማሪው በተግባር ከማኅበረሰብ ጋር ይሠራል ወይስ በክፍል ብቻ ያነባል? መምህራኑ ከአውሮፓ ውጭ ሠርተዋል? የመመረቂያ ሥራውን አገራችሁ መጥታችሁ መሥራት ትችላላችሁ? መልሱ ድረ ገጹ ላይ ከሌለ ለፕሮግራሙ ኃላፊ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ይመልሳሉ።

5. ገንዘቡን ፈልጉ

ለንደን ላይ የውጭ ተማሪ የዓመት ክፍያ ብዙውን ጊዜ ከ20,000 ፓውንድ በላይ ነው። ስለዚህ ያለ ስኮላርሺፕ አይታሰብም።

ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታኒያ መንግሥት ስኮላርሺፕ እዚያ ለሚሠራ የአንድ ዓመት ማስተርስ ሙሉ ወጪ ይሸፍናል። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ በሰዓት 2,800 ማለት ነው። የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። ሰዓታችሁን መዝግቡ ያልኩት ለዚህ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በሐምሌ መጨረሻ ወይም በነሐሴ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል።

የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ የትምህርቱን ክፍያ ሸፍኖ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል። ቀነ ገደቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ውስጥ ነው የሚውለው። ለአሜሪካ ፉልብራይት የሚባል ስኮላርሺፕ አለ፤ ማመልከቻው በኤምባሲው በኩል ይገባል። የኮመንዌልዝን ስኮላርሺፕ ተዉት፤ ኢትዮጵያ አባል አይደለችም።

ሰዓቱን ልብ በሉ። የለንደን እኩለ ቀን እኛ ጋ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው። በመጨረሻው ቀን መላክ የሚባል ነገር አይኑር።

6. ወረቀቱን ቀድማችሁ ጨርሱ

እዚህ ላይ አላስረዝምም፣ ግን አትናቁት። የወጪ መጋራት ክፍያችሁን ጨርሳችሁ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አውጡ። ስማችሁ በፓስፖርት፣ በዲግሪና በትራንስክሪፕት ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ለፊደል አንድ መሆኑን አረጋግጡ። የአያት ስም አንዱ ላይ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው ላይ በሁለት «ኤል» ከተጻፈ ወራት ያስበላል። ቀኖቹም በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉ እዩ። ፓስፖርት ለማውጣት ጅማ ላይ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ አለ። ለእንግሊዝኛ ፈተና አይኤልትስ አዲስ አበባ ይሰጣል፣ ውጤቱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ትምህርት ቤቱን ጠይቁ፦ በኢንተርኔት የሚሰጠው የዱኦሊንጎ ፈተና ይበቃል? «በእንግሊዝኛ ነው የተማረው» የሚል የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤስ? አንዳንዱ ይቀበላል፣ ገንዘባችሁም ይተርፋል።

7. ደብዳቤው፣ ምስክሮቹ፣ ቃለ መጠይቁ

ክረምቱን ለጽሑፍ አውሉት። ጅማ ላይ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም።

ብዙ ደብዳቤ እንዲህ ይጀምራል፦ «ከልጅነቴ ጀምሮ ለኪነ ጥበብ ልዩ ፍቅር ነበረኝ።» ይህን ሺህ ሰው ይጽፈዋል። ይልቅ እንዲህ ጀምሩ፦ «ስለ ቡና ገንዘብ በሠራነው ትዕይንት ሴቶቹ ሦስት መንገድ ሞከሩ። ሁለቱን ራሳቸው አይሠራም አሉ። ሦስተኛው ለምን እንደሠራ አልገባኝም። ልማር የመጣሁት እሱን ነው።» አንባቢው ወዲያው ሰውን ያያል፣ ጥያቄም ያያል። ማስተርስ የሚሰጠው ለጥያቄ ነው። «ማኅበረሰቤን ማንቃት እፈልጋለሁ» የሚለውንም አውጡት። ማኅበረሰቡ ተኝቶ አልጠበቃችሁም።

የድጋፍ ደብዳቤ ከአንድ መምህርና ሥራችሁን በዓይኑ ካየ አንድ ሰው ውሰዱ። የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ወይም የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሊሆን ይችላል። መቼ፣ የት፣ ምን እንደሠራችሁ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው፤ እነሱም ከዚያ እየመረጡ በራሳቸው ቃል ይጽፋሉ። ቢያንስ አንድ ወር ቀድማችሁ ጠይቁ።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነው። ጄኔሬተር ያለበት ቦታ ቀድማችሁ ያዙ፣ የስልክ ዳታም በመጠባበቂያ ሙሉ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት አጭር ዎርክሾፕ በስክሪን ምሩልን ይላል። በሰፈር የምታሠሩትን አንድ ጨዋታ ያለ ምንም ዕቃ በ5 ደቂቃ መምራት ተለማመዱ። «ሥራው ሰው ጎድቶ ቢሆንስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ለምን እንደጠራችሁ ያኔ ትናገራላችሁ።

8. ከተቀበሏችሁ በኋላ

ወደ ብሪታኒያ ከ6 ወር በላይ የሚሄድ ሰው ከቪዛው በፊት የቲቢ ምርመራ ማድረግ አለበት። የሚደረገው አዲስ አበባ ስለሆነ ጉዞውን ከሌላው የቪዛ ጉዳይ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። የቪዛ ማመልከቻ ከመጀመራችሁ በፊት የትምህርት ቤቱ የመቀበያ ቁጥር እጃችሁ መግባቱን እዩ።

ቡድኑን ደግሞ በትናችሁት አትሂዱ። አስተናባሪነቱን ቢያንስ ለሁለት ሰው አስተምሩ፣ አንዷ ሴት ትሁን። አልባሳቱን፣ የፈቃድ ፎርሞቹን፣ የቀበሌውን ደብዳቤ ግልባጭ በፊርማ አስረክቡ። ለመንደሩ ሽማግሌዎችም ከእንግዲህ የሚመጣው ማን እንደሆነ በአካል ሄዳችሁ አስተዋውቁ። ለጥር የታቀደ ትዕይንት ካለ እናንተ ባትኖሩም ይቀጥል፤ ቀኑን ከመሄዳችሁ በፊት ከእነሱ ጋር ቁረጡ።